ጣርማ በር ላይ መኪናችሁ ብትቆም ማን ይመጣላችኋል?

ዛሬ በሐሳብ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ አንድ ከፍታ ይዣችሁ ልወጣ ነው። ጋቢ ያላችሁ ደርቡ፤ ቦታው ብርዳም ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቤተሰባችሁን አሳፍራችሁ ሩቅ አገር ስትሄዱ መኪናችሁ መንገድ ላይ ብትቆም ማን ይመጣላችኋል?

እኔና ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ከቤታችን ሳንወጣ ልንመልሰው ይገባን ነበር። እኔ ጠይቄውም ነበር፤ ግን ጥያቄው ጠብ ሆኖ ቀረ። መልሱን ያገኘነው ጣርማ በር ላይ ነው።

ወደ በሩ ስንወጣ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ሰፊ ሜዳ፣ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። ከመኪና ወርዳችሁ ነፋሱ ሲቀበላችሁ ፋብሪካው እዚያ መሆኑ ተገቢ እንደሆነ ትረዳላችሁ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር አለች። ለእኛ ለወንጌል አማኞች ይህች ስፍራ ሌላም ትዝታ አላት። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥቶ ተቀምጦ ነበር። የወንጌልን ክፍሎች ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሥራውንም የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ሰሜን ሲጓዝ ግን ወሎ ላይ በአንድ ገዥ እጅ ወደቀና ንብረቱን ሁሉ ተዘረፈ። በብዙ መከራ ምጽዋ ደረሰ። መንገድ ላይ ባዶ እጅን መቅረት በዚህ አቅጣጫ የተጀመረው በእኛ አይደለም ማለት ነው።

ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ አገሩ ከፍ እያለ፣ ጭጋጉም እየወፈረ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ተራራው ድንገት አፉን ይከፍታል። ጣርማ በር ይህ ነው። ስሙ እንደሚናገረው በር ነው፤ ደጋውን ከቆላው የሚለይ በር። ዋሻውን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ጣሊያኖች ያስቆፈሩት ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ መንገዱና የመኪናው ቋንቋ ግን ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ካቦ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከእነርሱ የወረስነው ነው።

በዋሻው አፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። ልጆች ከበግ ሱፍ የተሠራ ቆብ ይዘው ይሮጡላችኋል። ወደ ዋሻው ስትገቡ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ውኃ ከጣራው ይንጠባጠባል። በወዲያኛው አፍ ስትወጡ ደግሞ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር የተነሣ ይመስላችኋል። ገደሉ፣ በገደሉ ላይ የሚጠማዘዘው መንገድ፣ ከታች በሸንተረሩ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ሲና፣ ከዚያም ባሻገር ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ከዚህ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ውበቱን ስታደንቁ ይህን ቁጥር አትርሱ።

ዕዝራ ወይስ ነህምያ?

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። ኮምቦልቻ ለባለ ትዳሮች በተዘጋጀ ጉባኤ እንድናገለግል ተጠርተን ነበር። አንድ ወንድም ሚኒባሱን አዋሰን። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አጥፈን ፍራሽ አነጠፍን፤ ሁለቱ ልጆቻችን እዚያ ላይ ሆኑ። ዳቦ ቆሎ፣ ፔርሙስ ሻይ፣ ውኃ ያዝን። ቤታችንን ተሸክመን የምንሄድ መሰለን።

በዋዜማው ምሽት ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ “ይህች መኪና ብትበላሽ የምንደውልለት ሰው አለ? ኢንሹራንሷ ምን ምን ይሸፍናል? ፍሬኗንስ መካኒክ አይቶታል?”

ባለቤቴ ሻንጣ እየዘጋ፣ “አንቺ ደግሞ! ስለ እምነት ልናስተምር እየሄድን ነው እኮ። ዕዝራን አስታውሺ” አለኝ።

ዕዝራ ምዕራፍ 8ን ታውቁታላችሁ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ በመንገድ የሚጠብቁትን ወታደሮችና ፈረሰኞች ከንጉሡ ለመለመን አፈረ፤ አምላካችን ይጠብቀናል ብሎ ለንጉሡ ተናግሮ ነበርና። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያሳለፍኩት በከንቱ አይደለምና ዝም አላልኩም። “ነህምያንስ?” አልኩት። ነህምያ ምዕራፍ 2 ላይ በዚያው መንገድ ሲሄድ ለአገረ ገዥዎቹ የሚሰጥ ደብዳቤ ጠይቋል፤ የጦር አለቆችና ፈረሰኞችም አብረውት ሄደዋል። እርሱም የጸሎት ሰው ነበር።

እንዲህ እያልን ዕዝራንና ነህምያን አጣልተን፣ እኛም ተኳርፈን አደርን። በነጋታው ለጥንዶች ስለ መደማመጥ ልናስተምር መኪና ውስጥ ገባን። እስከ ደብረ ብርሃን ከልጆቹ ጋር ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም።

ቁልቁለቱ ላይ

ጣርማ በር ስንደርስ የበልግ ዝናብ ያካፋ ነበር። ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱን እንደያዝን ባለቤቴ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ባዶ አደረገው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ አደገኛም ነው። ማርሹ ባዶ ሲሆን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ሟሙቶ እንደ ቅቤ ይሆናል።

መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሸተተን። ከዚያ ባለቤቴ እግሩን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁ። ፊቱን ሳየው ገባኝ። ጌታ ይመስገን፣ ማርሹን አስገባ፤ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ መኪናዋን ከገደሉ አርቆ ከተራራው ጥግ አስጠጋት። ባሰብነው ቦታ ሳይሆን አፈሩ ባቆማት ቦታ ቆመች። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ጭጋጉ ከሃያ እርምጃ በላይ አያሳይም። ከላይ የሚመጣ መኪና ሁሉ ሳያየን ሊገጨን ይችላል። ማን እንደሚመጣልን አናውቅም። ለባለ ሚኒባሱ ወንድም ብንደውል ስልኩ አይነሣም።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ቀይ ከባድ የጭነት መኪና ወጣ። በዚያን ጊዜ ሰው “ቀይ ሽብር” እያለ በፍርሃት የሚጠራቸው ዓይነት ነው። ከጋቢናው አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ወረዱ። መስተዋታቸው ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በልቤ “ጌታ ሆይ፣ ከወገኖቻችን አንድ ሰው ላክልን” እያልኩ ነበር። ሰውየው ሲመጡ ጸሎቴ ገና ያልተመለሰ መሰለኝ።

እርሳቸው ግን ጊዜ አላጠፉም። ረዳታቸው ከጎማዎቻችን ፊት ድንጋይ አስገባ፤ ከኋላችን ራቅ ብሎ የቅጠል ምልክት ጣለ። ፍሬኑን አይተው፣ “ወንድሜ፣ ይህ እንኳን ሊነዳ ሊጎተትም አይችልም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለውን መኪና በካቦ መጎተት ሁለታችንንም ገደል መክተት ነው። አንተ እዚሁ ጠብቅ፤ ረዳቴ አብሮህ ይቆያል። እኔ ልጆቹንና እናታቸውን ደብረ ሲና አድርሼ መካኒክ እልክልሃለሁ” አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ “አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ” አሉኝ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። “ሂጂ” አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል። “ይቅርታ አድርጊልኝ” አለኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጥያቄዬ እውነት ቢሆንም የጠየቅሁት ልረታው እንጂ ልረዳው አልነበረምና።

ደብረ ሲና ስንደርስ ሹፌሩ አንዲት ሻይ ቤት አጠገብ አቆሙ። ባለቤቷ የአንገት ክር ያሰሩ እናት ነበሩ፤ ዐቢይ ጾም ነውና ሽሮ ጥደዋል። “እነዚህን ልጆች አደራ። ብርድ መቷቸዋል፤ የሚበሉትን ስጪልኝ” አሏቸውና መካኒክ ፍለጋ ሄዱ። መካኒኩን በሌላ መኪና ወደ ላይ ሰደዱት። ረዳታቸው ሲመለስ የራሳቸውን ጉዞ ቀጠሉ። ማታ ባለቤቴ መኪናዋን አስጠግኖ ቀስ ብሎ ሲደርስ ሂሳብ ልንከፍል ጠየቅን። እናትየው፣ “ከፍለው ሄደዋል። ካነሳቸውም በመመለሻዬ እከፍላለሁ ብለዋል” አሉን።

እኔና ባለቤቴ አንዳችን ሌላችንን ማየት አቃተን። ሉቃስ ምዕራፍ 10ን ስንት ጊዜ ሰብከናል!

የደጉ ሳምራዊ ዕቅድ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድም እንደ ጣርማ በር ቁልቁለት ነው፤ ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚያ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው የረዳው ሰውየው አይመጣም ብሎ የሚያስበው ሰው ነበር። ይህን ሁላችን እናውቃለን። ከዚያ ቀን በፊት ያላስተዋልኩት ግን ሳምራዊው ከርኅራኄው ሌላ የተሟላ አሠራር እንደነበረው ነው። ለቁስሉ ዘይትና የወይን ጠጅ ነበረው። ማጓጓዣ ነበረው። የሚያሳርፍበትን ቤት አሰበ። ገንዘብ ከፈለ። ከተከፈለው በላይ ቢያስፈልግ ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ ተናገረ።

ወደ ዕዝራም ተመለስን። ኮምቦልቻ ላይ ባለቤቴ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበበ። ዕዝራ ፈረሰኞችን ባይለምንም ሕዝቡን በጾም ሰብስቧል፤ ብሩንና ወርቁንም በሚዛን መዝኖ ለካህናት አስረክቧል፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ሁሉም በቁጥርና በሚዛን ታይቷል። ያለ ዝግጅት አልሄደም። ባለቤቴ በጉባኤው ፊት፣ “እኔ የዕዝራን እምነት ወስጄ የዕዝራን ሚዛን ቤት ትቼ መጣሁ” ብሎ ታሪካችንን ተናገረ። ከዚያ ቀን ትምህርታችን ሁሉ ይልቅ ሰዎች የሚያስታውሱት ያንን ነው።

እናንተስ ምን ትመርጣላችሁ?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ በዓመት ክፍያ መኪና ቢበላሽ ደውለው የሚያስጎትቱበት ማኅበር እንዳላቸው ነግረዋችሁ ይሆናል። የአሜሪካው የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እዚያም ቢሆን መኝታና ማድ ቤት ያለው ትልቅ የጉዞ መኪና ያላቸው ሰዎች ውሉን በጥንቃቄ ያነብባሉ፤ ተራው ውል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን መኪና አይጨምርምና። እኛም የመድን ውል ብንገዛ፣ መኪና ብንከራይ፣ ወይም ከወዳጅ ብንዋስ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ያው ናቸው። ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ እነዚህን መልሱ።

አንደኛ፣ ለምን ዓይነት ችግር ነው የሚመጣው? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታው ነው። ይህ ግን በእናንተ መኪና ለሚጎዳው ለሌላው ሰው ነው፤ የቆመች መኪናችሁን አያነሣላችሁም። ሙሉ ዋስትና የሚባለውም በተለመደው አሠራር ለግጭት፣ ለእሳት፣ ለስርቆት እንጂ በእርጅና ለሚመጣ የሞተርና የፍሬን ብልሽት አይደለም። “ይሸፍናል” የሚል የቃል መልስ አትቀበሉ፤ በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ይታያችሁ።

ሁለተኛ፣ እስከ የት ይመጣል? አንዳንዱ ስምምነት በከተማው ክልል ያበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚመጣ ሰው ጣርማ በር ላይ ላይመጣ ይችላል። “ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ብቆም?” ብላችሁ ቦታውን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ወዴት ይወስደናል? ቅርብ ወዳለው ጋራዥ ነው ወይስ ወደ አዲስ አበባ? ልዩነቱን የሚከፍለው ማን ነው? በኪራይ መኪና ከሆነ ባለንብረቱና እናንተ ይህን በጽሑፍ ተስማሙ። በውሰት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተነጋገሩ፤ ወዳጅነት የሚሻክረው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ ምን ያህል መኪና ያነሣል? ለቤት አውቶሞቢል የሚበቃ መጎተቻ ሰውና ዕቃ ለሞላ ሚኒባስ ላይበቃ ይችላል። ለወጣቶች ጉዞ መኪና የምትከራዩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይህን አስቡበት።

አምስተኛ፣ ሰዎቹስ? ውል ሁሉ ስለ ብረቱ ይናገራል። ሕፃናቱ የት ያድራሉ? መኪናው ዘንድ ማን ይቀራል? ይህን ውል አይጽፍላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት።

እኛ ከዚያ ጉዞ በኋላ ከሰባት ቤተሰቦች ጋር ሆነን እንደ እድር ያለ ነገር አቋቋምን። በየወሩ ጥቂት እናዋጣለን። ከመካከላችን የማንም መኪና መንገድ ላይ ብትቆም ከገንዘቡ ይከፈላል፤ አንድ ሰውም ተነሥቶ ይሄዳል። በየከተማው የምናምናቸው መካኒኮች ስልክ በደብተር ተጽፎ በየመኪናው አለ። በደብተር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርክም ይጠፋል።

ቁልቁለቱን ለምትወርዱ ደግሞ አደራ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆማችሁ ፍሬንና ጎማ አሳዩ። ዋሻው ውስጥ መብራት አብሩ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ማርሹን ባዶ አታድርጉ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ ውኃና ጋቢ ያዙ። ብትቆሙና ድንጋይ ብታስገቡ ስትነሡ ድንጋዩን አንሡ፤ ለእናንተ የረዳችሁ ድንጋይ በጨለማ ለሚመጣው ሞት ሊሆን ይችላልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጉዞ ከተደረገ ወዲህ ይህ አገር ብዙ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚያ አካባቢ መጥቶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገደኛውንም ነዋሪውንም አስጨንቋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያ ከሚኖሩ ሰዎች ጠይቁ። አትሂዱ ካሏችሁ መቅረት እምነት ማነስ አይደለም። ለመንገዱ ሰዎችም ጸልዩ። እኔ ስለ ጣርማ በር ስጸልይ ሁለት ሰዎች ፊቴ ይመጣሉ፤ አንደኛው ነጭ ቆብ ያደረጉት፣ ሁለተኛዋ የአንገት ክር ያሰሩት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

አሁን ከከተማ በወጣን ቁጥር ባለቤቴ ከመጸለያችን በፊት ደብተሩን ይከፍትና፣ “ዛሬ ብንቆም ማን ይመጣል?” ብሎ ይጠይቀኛል። ስም እጠራለሁ። ከዚያ ገልብጦ፣ “ሌላው ሰው ቆሞ ብናገኝስ?” ይላል። “እኛ” እላለሁ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን፤ ሞተሩንም እናስነሣለን።

ጌታ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።